ፊደሉ የሚተልቀውን ይግዛ

— ሄሎ... አቤት... ሄሎ? ማን ልበል?

— ኡዘይር! ወአለይኩም ሰላም። በማን ቁጥር ነው የምትደውለው?... የመሥሪያ ቤት? እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የማላውቀው ቁጥር ሳይ፣ የላክንልሽ ዕቃ መንገድ ላይ ተሰበረ ሊሉኝ መስሎኝ ክው አልኩ።

— አለን፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ያስሚን? ልጆቹ?... አማትህ ወይዘሮ ፈህሚያስ?... ይመስገን። እኛማ ምን እንሆናለን። ከዒድ ወዲህ ድምፅህ ስለጠፋ የረሳኸን መስሎኝ ነበር... አይ፣ አልተቆጣሁም። እኔ ስናገር እንዲህ ነኝ፣ ዛሬ ነው እንዴ የምታውቀኝ?

— እማዬ? አለች። እዚሁ ሱቅ ናት፣ ወንበር አውጥቼላት በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነው... እማዬ! ኡዘይር ነው!... ኡዘይር! ልጅሽ!... ቆይ፣ ከኔ ጋር ይጨርስና እሰጥሻለሁ። ተቀመጪ፣ ጉልበትሽን!... አየህ? ስምህን ስትሰማ ብድግ አለች። እኔ ለምሳ ስጠራት እንዲህ አትነሳም።

— እሺ፣ ምን ፈለግህ?... ተው ተው፣ ለሰላምታ አልደወልክም። ዳር ዳር ስትል ከልጅነትህ ጀምሮ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ።

— ምን?... ይቆራረጣል፣ ድገመው። ትንሽ ላፕቶፕ?... ትንሽ ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ታብሌት?... ለመንገድ?

— አሃ! ለሐጁ!

— እሰይ! እንዲህ ነዋ! እኔ ደግሞ ጠፋ ጠፋ ስትል ነገሩ የቀዘቀዘ መስሎኝ ስብሰለሰል ነበር። አዲስ አበባ ሙሉ ኤሌክትሮኒክስ ቤት እያለልህ እህትህን ማማከርህ!... ደስ ብሎኝ ነው እንጂ። ደስ አይለኝም እንዴ?

— አያ አስናቀው፣ ትንሽ ይታገሱኝ። መዝሙሩ እየተጫነ ነው፣ ሜሞሪዎ አሮጌ ስለሆነ ይንቀራፈፋል... ወንድሜ ነው፣ ከአዲስ አበባ። አዎ፣ እሱ ነው፣ ሐጅ የሚወስዳት... አሜን፣ አሜን።

— አያ አስናቀው ናቸው፣ የዳባት ደንበኛዬ። «እናቱን ያልረሳ ሸጋ ልጅ ነው፣ ዕድሜ ይስጠው» ብለውሃል። እማዬ ነግራቸው ነው። እሷ ያልነገረችው ሰው የት ይገኛል! ባትሪ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ይዛ «ልጄ ሊወስደኝ ነው» ነው የምትል።

— እሺ፣ ስማኝ። ትንሿን ላፕቶፕ ተዋት። ትንሽነቷ ለስሙ ነው። ቻርጀሯ ብቻውን ጡብ ያክላል፣ ባትሪዋ ቶሎ ይደክማል፣ ስትከፍታት ደግሞ እስክትነሳ ድረስ ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ጠረጴዛም ትፈልጋለች። ሚና፣ ሐጃጆች የሚያድሩበት ድንኳን ውስጥ ማን ጠረጴዛ ይሰጣታል? ከሐጅ የተመለሱ ደንበኞቼ ሲያወሩኝ፣ አንድ ሶኬት ላይ ስንት ሰው ነው የሚጋፋው። ታብሌት ከሆነ በፓወር ባንክ ትሞላለህ፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ማሰሪያ ካበጀህለት በአንገቷም ታንጠለጥለዋለች።

— ቆይ አልጨረስኩም። ሲም የሚቀበለውን ግዛ። ዋይፋይ ብቻ የሆነውን ረከሰ ብለው ይሰጡሃል፣ እንዳትሸወድ፣ መንገድ ላይ ምንም አይሠራላትም። ካቨሩም ወፍራም ይሁን። አንዴ ከእጇ ካመለጠ አለቀለት።

— እኔን የሚያሳስበኝ ጣቷ ነው። የእማዬ ጣት ደርቆ ስክሪኑ አይሰማትም። የኔን ስልክ ስትነካ ብታያት፣ ትጫነዋለች፣ ዝም ይላል፤ እንደገና ትጫነዋለች፣ ዝም። «ይሄ ዕቃ ጠልቶኛል» ትላለች። ግን ትለምደዋለች፣ ከመሄዷ በፊት እኔ አስለምዳታለሁ።

— ኪቦርድ?... ኪቦርድ ለምኗ?... ትጽፋለች? ማን? አንተ፣ እማዬ እኮ እኔ ዘንድ እንኳ የምትደውለው አንዷ ቁልፍ ላይ የጥፍር ቀለም ቀብቼላት ነው። ቀዩን ስትጫን እኔ ነኝ፤ ሌላ አታውቅም... እጇ ለምዷል? ምን ለምዷል?... እሺ እሺ፣ ለራስህም ሥራ እንዲሆንህ ነው ኪቦርዱን የፈለግኸው። ተው እባክህ፣ እዚያ ሄደህ ሥራ ልትሠራ ነው እንዴ? ስገድ፣ ኢባዳህን አድርግ።

— ቆይ፣ ራሷን ልጠይቃት። እማዬ! ኡዘይር ለመንገድሽ ዕቃ ሊገዛ ነው!... ትልቅ ስልክ በዪው። ቁርኣን የምታነቢበት፣ ማታ ማታ ደግሞ እኔን የምታዪበት... አዎ፣ ፊቴን! ምን ዓይነት ይሁንልሽ?... እሺ፣ እነግረዋለሁ።

— «ፊደሉ የሚተልቀውን ይግዛ» ብላለች። ሰማህ አይደል? የዓይን ሞራው ከወጣላት ወዲህም ትንሽ ጽሑፍ ያስቸግራታል፣ ቁርኣኑን አፍንጫዋ ድረስ አምጥታ ነው የምታነብ...

— ምን አልክ? መነጽር አያስፈልጋትም?... እንዴት አያስፈልጋትም? መነጽሯን እዚሁ ጎንደር አራዳ ወስጄ ያሠራሁት እኔ ነኝ እኮ... እ?... ሐሳብህ ሌላ ቦታ ነው ዛሬ። ደክሞሃል መሰል።

— ኧረ ሳልረሳው፣ ሰሞኑን ያስቸገረችኝን ልንገርህ። አፉታ ይዛለች። አዎ፣ ሐጅ እንደሚሄድ ሰው፣ ቤት ለቤት «አፉ በሉኝ፣ የበደልኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ»። ትንሽ ቆዪ፣ ቀኑ ይቆረጥ አልኳት። «ልጄ ቃል ሰጥቶኛል፣ የምን መቆየት ነው» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። ሰፈራችንን አዲስ ዓለምን አዳርሳ ጨረሰች። እትዬ እናኑ ግቢ ገባች፤ በጎርፍ መውረጃው ነገር ተኮራርፈው፣ በመንገድ ሲገናኙ ፊት ይዞሩ አልነበር? ተቃቅፈው ሲላቀሱ ብታይ! በማግሥቱ እትዬ እናኑ ሽምብራ ቆልታ «ለመንገድሽ» ብላ አመጣች። ጾም ላይ ሆና፣ ራሷ ሳትቀምሰው፣ ደክማ ለቅማ ነው የቆላችው... ብቻ እንዴት ያለ ሽኝት መሰለህ!

— አላለቀም፣ ስማ። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ደግሞ አይከል ውሰጂኝ አለችኝ። ይርገዱ ጋ። በርበሬ ሲነግዱ በሚዛን ተጣልተው የቀሩት፣ እኛ ልጆች ሆነን። ስንደርስ ሴትዮዋ አልጋ ላይ ናት። እማዬ እጇን ይዛ «አፉ በዪኝ፣ ይርገዱ፣ ልጄ ካዕባ ሊወስደኝ ነው» አለቻት። ይርገዱ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «በእግዜር ቤት ቆመሽ ስሜን አንሺልኝ፣ እኔ እንኳን ልነሳ አልችልም»። እኔ ወጥቼ ማኪናው ውስጥ አለቀስኩ።

— ኡዘይር?... አለህ?... ይሰማሃል?

— እና አሁን አንድ ሰው ብቻ ቀራት። ማን በለኝ... ወይዘሮ ፈህሚያ! አማትህ! በኒካችሁ፣ በሠርጋችሁ ጊዜ ስለ ግብዣው የተነጋገሩት አለ አይደል? እማዬ ከሆዷ አልወጣም። «የያስሚንን እናት አፉ ሳላስብል እዚያ አገር አልረግጥም» ብላለች። አንድ ቤት አይደል የምትኖሩ፣ ማታ ስትገባ... እንዲያውም አሁን ቁጥሯን ስጠኝ፣ እኔው ልደውልላትና ያውሩ።

— ቤት የለችም?... የት ሄዳ ነው?... ክትባት?

— የምን ክትባት ነው በዚህ ዕድሜዋ?

— ሄሎ? ኡዘይር? ትሰማኛለህ? የምን ክትባት ነው አልኩህ።

— ሐጅ የሚሄድ ሰው የሚከተበው ነው?

— ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ። አማትህ... ጸሐፊ አልነበረች እንዴ? ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስትጽፍ ነው የኖረችው። እጇ ለምዷል ያልከኝ... መነጽር አያስፈልጋትም ያልከኝ...

— እማዬ፣ መጣሁ። እዚህ ኔትወርኩ አይሰማም፣ ወደ ውጪ ልበል... ምንም፣ ምንም አልሆንኩም። አያ አስናቀው፣ ሱቁን ይዩልኝ፣ አሁን መጣሁ።

— ወጥቻለሁ። አሁን አትሰማንም። ንገረኝ፣ ለማን ነው የምትገዛው?

— ለማን ነው አልኩህ እኮ!

— ... እህ።

— እህ... ወይዘሮ ፈህሚያን ልትወስድ።

— አዎ፣ አውቃለሁ፣ ወንድ ለአማቱም መህረም ሆኖ በጉዞ ሊያጅባት ይችላል። ዲኑን አታስተምረኝ። እኔ የጠየቅሁህ ይቻላል ወይ ብዬ አይደለም። የእናትህን ቦታ ለሰው እናት መስጠትህን ነው የጠየቅሁህ።

— በሚቀጥለው ዓመት?... የቱ የሚቀጥለው ዓመት? አምናም «በሚቀጥለው ዓመት» ነበር ያልከው፣ ይሄው ደረሰ። ከሱቅ እቤት ለመድረስ ሁለቴ ተቀምጣ እንደምታርፍ ታውቃለህ? አታውቅም። ከየት ታውቃለህ?

— ሁለቱንም ለምን አትወስድም?... ምዝገባው ተዘግቷል? መቼ ተዘጋ?

— ከረመዳን በፊት!

— አንተ ልጅ... እና የዒድ ዕለት ደውለህ «እማዬ ተዘጋጂ» ያልካት ለየት ነበር? ምዝገባው ተዘግቶ፣ ስሟ እንደሌለ እያወቅህ? እኔ እዚያው አጠገቧ ነበርኩ፣ ድምፅህን ከፍቼላት ሁለታችንም ነው የሰማነው። ለምስጋና ሱጁድ ወረደች እኮ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታ! በዚያ ጉልበቷ!

— በበዓል ቀን ልታስከፋት አልፈለግህም። እንዴት ያለህ አዛኝ ነህ!

— ፓስፖርቷስ? በሰው እጅ የላክሁልህ ፓስፖርት?... መሳቢያ ውስጥ። ፎቶ እንድትነሳ ስወስዳት ኩል ተኩላ ነው የሄደችው፤ «ሳዑዲዎች ደህና አድርገው ይዩኝ» ብላ። መሳቢያ ውስጥ ነው።

— ያስሚን ናት ያለችህ?... እናቷ ናት? ቤቱ የሷ ስለሆነ?... ገባኝ። ገባኝ ብዬሃለሁ፣ አታስረዳኝ። የሷ ቁጣ ጠዋት ማታ ጆሮህ ላይ ነው። የእማዬ እንባ ጎንደር ነው የሚፈስ፣ አንተ ጋ አይደርስም። ማንን ማስቀየም እንደሚቀልህ አይተህ ነው የመረጥህ።

— ምን?... ሴቶች አሁን በቡድን ይሄዳሉ? እሱንም እኔ ነኝ ቀድሜ የነገርኳት። «ያለ መህረም ከአዘዞ አላልፍም» ብላ ዘጋችብኝ። የእናትህን ጠባይ ረሳኸው? ወንድ ልጅ የለኝም አላለችም እኮ! አለኝ አለች። አለኝ ብላ አንተን ጠበቀች።

— ማን?

— አኒስ?... ድገመው እስቲ። አኒስ ይውሰዳት?... የኔ አኒስ? የፈታኝ?

— ሃ... ሃ... ይቅር በለኝ፣ ሳቄ መጣ። አይ ኡዘይር!

— አዎ፣ ይፈቀዳል! አውቃለሁ ይፈቀዳል! ሚስቱን ቢፈታም የሚስቱ እናት እንደ እናቱ ናት፣ መህረምነቱ አይቋረጥም። ለዚህ ጊዜ ቁርኣን መቅራትህን አስታወስህ! እና እኔ አሁን ሂጃቤን ሰብስቤ የአዲሲቷን ሚስቱን በር ላንኳኳ? «አኒስ ሆይ፣ እኔን ትተኸኛል፣ እናቴን ግን በክንድህ ደግፈህ ካዕባን አዙርልኝ፣ የወለደችው ልጅ የሌላ ሰው እናት ይዟል» ልበለው? አንተ ያንን ቃል ከአፍህ ስታወጣ ትንሽ አላፈርክም?

— ደግሞ እሺ፣ አኒስ ወሰዳት እንበል። እዚያ ብትገናኙስ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እናትህ በባዳ ክንድ፣ አንተ ደግሞ የወይዘሮ ፈህሚያን ቦርሳ ተሸክመህ... ፊትህን የት ትደብቀዋለህ?

— አትማልብኝ። አትማል አልኩህ።

— እኔን ምን እንዳቃጠለኝ ታውቃለህ? ይሄን ሁሉ ሠርተህ ስታበቃ ዕቃ ለማማረጥ እኔ ዘንድ መደወልህ። ቁጭ ብዬ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሲም፣ ስለ ካቨር... እናቴን በዓይኔ እያየሁ፣ በአንገቷ አንጠልጥላ እያሰብኳት! ዝም ብለህ ሰማኸኝ። እሷ ራሷ «ፊደሉ የሚተልቀውን» ስትልህ እንኳ ዝም ብለህ ሰማሃት!

— ስለምታምነኝ ነው የደወልከው?... እኛም እናምንህ ነበር፣ ኡዘይር።

— አሁን ምን ልትሆን ነው? ሰፈሩ አፉ ብሎ መርቆ አልቅሶ ሸኝቷታል። ነጩን ልብስ አሰፍታ ሻንጣ ላይ አስቀምጣዋለች። ነገ ሰው «አልሄድሽም እንዴ?» ሲላት ምን ትመልሳለች? እትዬ እናኑን ምን ብላ ታያታለች? ያቺ አይከል ተኝታ ስሜን ታነሳልኛለች ብላ የምትጠብቀውስ? ሐጅ የቀረባት ሴት ብቻ አይደለችም እኮ፣ ልጅ አለኝ ብላ አገር ለአገር ዞራ ያወራች ሴት ናት!

— እኔ ልንገራት?... አልነግራትም።

— አይ፣ አልነግራትም! ለእማዬ አንተን ስሸፍን ነው የኖርኩት። ሳትደውል ስትቀር ኔትወርክ ነው፣ ሳትመጣ ስትቀር መንገዱ ነው፣ ረስተሃት ስትቀር ሥራ በዝቶበት ነው። አንተ ያላሰብከውን ሰበብ ሁሉ እኔ እያሰብኩልህ። በቃኝ። ወላሂ ከዛሬ ወዲያ ላንተ ብዬ አንድ ቃል አልዋሻትም። ቃል የሰጠሃት አንተ ነህ፣ አንተው በአፍህ ንገራት።

— ማታ አይደለም። ነገም አይደለም። አሁን። እየገባሁ ነው፣ እንዳትዘጋው።

— አመሰግናለሁ፣ አያ አስናቀው... እማዬ፣ ኡዘይር ሊያናግርሽ ነው... አይ፣ አላለቀስኩም፣ ነፋሱ አቧራ አስገባብኝ። መነጽርሽን ተዪው፣ በመስማት ነው እንጂ በማየት አይደለም። ነይ፣ ተቀመጪ።

— ኡዘይር፣ ልሰጣት ነው። ቀስ አድርገህ፣ ግን እውነቱን ንገራት። እኔ ከአጠገቧ አለሁ፣ ብትወድቅ እይዛታለሁ። እሺ?... እሺ በለኝ... እሺ።

— ያዢ፣ እማዬ። በዚህኛው ጆሮሽ... አዎ፣ ይሰማሻል፣ ተናገሪ።

— ምን አለሽ?... ምንም?... ምርቃቱን ቆይ ትጨርሺዋለሽ፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር... አይመልስም? አምጪው እስቲ።

— ሄሎ? ኡዘይር?... ሄሎ?...

— ሄሎ...

— ቆይ እማዬ፣ መልሼ ልደውልለት... ይጠራል... ይጠራል... 

— አያነሳም።

— አሁን ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

— እ?... አይ እማዬ፣ አልዘጋብሽም። ልጅሽ እንዴት ይዘጋብሻል?

— ኔትወርክ ነው።

— አዎ፣ ነግሬዋለሁ። ታብሌት ነው የሚገዛው፣ ሲም ያለው... አዎ፣ ፊደሉ የሚተልቀውን።

— አያ አስናቀው፣ ምነው እንዲህ ያዩኛል? መዝሙርዎ አልቋል፣ ይውሰዱት... ሒሳቡን ይተዉት፣ ይሂዱ በቃ፣ ሌላ ቀን።

— ማን?... የያስሚን እናት?...

— አዎ እማዬ። ነግሯታል። አፉ ብላሻለች።